ያለ ቢል ከሆስፒታል የምንወጣው በማን ምክንያት ነው? የሳስካችዋኑ ቶሚ ዳግላስ

ወለላ ከሬጃይና

ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ ስለ አንድ ሰው ላወራችሁ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የታሪኩ ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካችዋን በሚባለው ፕሮቪንስ (እንደ ክልል ማለት ነው)፣ ሬጃይና ከተማ አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከምንከባከባቸው እናቶች አንዷ ዘጠና ካለፋቸው ቆይተዋል። ባለፈው ሳምንት ማታ ካልሲያቸውን ሳወልቅላቸው ግራ እግራቸው ላይ ረጅም ጠባሳ አየሁ። ምን ሆነው ነው አልኳቸው። ልጅ ሆነው ከጋሪ ወድቀው ነው። አባታቸው ሆስፒታል አስገቧቸው። ሲወጡ ሁለት ላም ተሸጠ። ያን ክረምት ቤታቸው ወተት አልነበረም። ይህን ነግረውኝ ሲጨርሱ አልጋቸው አጠገብ ወዳለች ትንሽ ፎቶ ጠቆሙኝ። መነጽር ያደረገ፣ አጠር ያለ፣ ፈገግ ያለ ሰው። «ቶሚ ነው» አሉኝ። የአባቱን ስም እንኳ አልጨመሩም። የቤተሰብ ሰው ነበር የመሰለኝ።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም።

ቶሚ ዳግላስ የተወለደው በ1904 ስኮትላንድ ነው። አባቱ ብረት አቅላጭ ነበሩ። ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ ዊኒፔግ ተሰደደ። ልጁ ግን ከመምጣቱ በፊት ወድቆ ጉልበቱን ተጎድቶ ነበር። ቁስሉ ወደ አጥንት ኢንፌክሽን ተለወጠ። ዊኒፔግ ላይ ሐኪሞቹ እግሩ መቆረጥ አለበት አሉ። ቤተሰቡ ለስፔሻሊስት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። በአጋጣሚ አንድ የታወቀ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ልጁን አየው። ተማሪዎቼ ቆመው እንዲያዩ ከፈቀዳችሁ በነፃ እሠራዋለሁ አለ። ወላጆቹ ፈቀዱ። እግሩ ተረፈ።

ዳግላስ ይህን ታሪክ ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራው ኖሯል። ምስጋና ብቻ አልነበረም የሚያወራው። አንድ ሕፃን እግር የሚኖረው ደግ ሐኪም በዚያ ኮሪደር ስላለፈ ብቻ መሆን የለበትም ነበር የሚለው። እኔ ሥራዬ ከእግርና ከጉልበት ጋር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ኮምፒውተሩን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዛ በኋላ ያለውን ፈጠን ላድርገው። ልጅ ሆኖ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆነ። በዚያው በተረፈው እግሩ ቦክስ ተጫውቶ በ1922 በቀላል ክብደት የማኒቶባ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዓመቱም ደገመው። ተምሮ የባፕቲስት ፓስተር ሆነና በ1930 ዌይበርን የምትባል የሳስካችዋን ከተማ ገባ። የገባበት ጊዜ ክፉ ነበር። ድርቅ ነው፣ አፈሩ በነፋስ ይነሳል፣ የስንዴ ዋጋ ወድቋል። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ልብስና ምግብ ያከፋፍል ነበር። ሐኪም ሳያያቸው የሞቱ ወጣት አባወራዎችን ቀብሯል። ስብከቱ ብቻውን አልበቃ ሲለው ፖለቲካ ገባ። ሲሲኤፍ የሚባለው የገበሬዎችና የሠራተኞች ፓርቲ ያኔ ገና መፈጠሩ ነው። በ1934 ለፕሮቪንሱ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በዓመቱ ለፌዴራል ፓርላማ ተወዳድሮ አሸነፈና ኦታዋ ገባ።

በ1944 ወደ ሳስካችዋን ተመልሶ ፓርቲውን መርቶ ከ52 ወንበር 47ቱን ወሰደ። ፕሪሚየር ሆነ። ፕሪሚየር የፕሮቪንሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማለት ነው። የጤና ሚኒስትርነቱን ለሌላ አልሰጠም፤ እስከ 1949 ድረስ ራሱ ያዘው።

ከዛ በጥር 1947 የሆስፒታል መድን ጀመረ። በሰው በዓመት 5 ዶላር። ቤተሰብ ምንም ያህል ቢበዛ ከ30 ዶላር በላይ አይከፍልም። ያቺ እናት ላም የተሸጠባቸው ከዚያ በፊት ነው።

እዚህ ካናዳ ስንኖር የጤና ካርዱን ከቦርሳችን አውጥተን እንሰጣለን፣ ታክመን እንወጣለን። ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሰው የምታውቁትን ጨምሩልኝ።

አብርሽ ከሚኒያፖሊስ

ወለላ እግዜር ይስጥሽ። ላሟ ላይ ስደርስ አባቴን አስታወስሽኝ።

እኔ ከድንበሩ በታች ነው የምኖረው። ከዊኒፔግ ጋር የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አንራራቅም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለደች ጊዜ መድን ነበረን። ጥሩ መድን ነው ብለውኝ ነበር። ልጁን ታቅፈን ቤት ገባን፣ እንግዳ መጣ፣ ገንፎ ተገነፋ፣ እልል ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ፖስታ መምጣት ጀመረ። አንዱ ከሆስፒታሉ፣ አንዱ ከሐኪሙ፣ አንዱ ማደንዘዣ ከሰጠው፣ አንዱ ከላቦራቶሪ። እያንዳንዱ ለብቻው። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ስደምር ሚስቴ ወረቀቶቹን ሰብስባ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻቸው። ዛሬ አይደለም አለችኝ። ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ነው ከፍለን የጨረስነው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሳስካችዋን ያኔ ድሃ ነበር አልሽ። ድርቅ፣ አፈር፣ ስንዴ ብቻ። ሀብታሙ ኦንታሪዮ ያላደረገውን ድሃው እንዴት ቀድሞ አደረገው? ገንዘቡ ከየት መጣ?

ወለላ ከሬጃይና

አብርሽ፣ ልጅህን ያሳድግልህ። ጥያቄህ እኔንም ሁለት ሌሊት ያስጨነቀኝ ነው።

እኔ እንደገባኝ ዳግላስ በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገር አልጀመረም። ሰው የሚረሳው ይህን ይመስለኛል። ሥልጣን ሲይዝ ፕሮቪንሱ ዕዳ ውስጥ ነበር። ክላረንስ ፋይንስ የሚባል የገንዘብ ሚኒስትር ነበረው፤ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ሳንቲም የሚቆጥር ሰው። ሁለቱ ዕዳ ወደ መክፈል ገቡ። ባንክ ላይ ጥገኛ ሆነን ቃላችንን መጠበቅ አንችልም አሉ። በጀታቸውን ሳያጎድሉ ዓመት በዓመት ቀጠሉ።

ከዛ ደረጃ በደረጃ ነው የሄዱት። መጀመሪያ ጡረተኞችና ባል የሞተባቸው እናቶች በነፃ ታከሙ። የካንሰር ሕክምና ነፃ ሆነ። በ1946 ከሩቅ እርሻ በሽተኛ የሚያመጣ የአየር አምቡላንስ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ስዊፍት ከረንት በሚባል አካባቢ ከሆስፒታል ውጭ ሐኪም ጋ መሄድንም የሚሸፍን መድን ተሞከረ። ማንም አልጫነባቸውም፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ድምፅ ሰጥተው ነው የገቡበት። ሐኪሞች ይሸሻሉ ተብሎ ነበር። ክፍያው እርግጠኛ ስለሆነ ጭራሽ መጡ። በ1947 የሆስፒታል መድን ሆነ። ሙሉው የሐኪም መድን ግን እስከ 1962 ጠበቀ።

አሥራ አምስት ዓመት! በመካከሉ ምን ሠራ? መብራት አስገባ። በ1949 የገጠር መብራት ሕግ ወጣ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ እርሻዎች ከኩራዝ ወጡ። የመንግሥት የመኪና መድን፣ ስልክ፣ አውቶቡስ አቋቋመ። ሳስካቱን ላይ የሐኪሞች ማሠልጠኛና ሆስፒታል ተሠራ። ሐኪም ሳይኖር የሐኪም መድን ወረቀት ብቻ ነዋ።

የገንዘቡ መልስ ደግሞ በ1957 መጣ። የፌዴራል መንግሥት በየፕሮቪንሱ ለሚቋቋም የሆስፒታል መድን ወጪውን በግማሽ እጋራለሁ የሚል ሕግ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት በጠቅላይ ሚኒስትር ዲፈንቤከር ጊዜ ክፍያው ጀመረ። ሳስካችዋን አሥር ዓመት ሙሉ ብቻዋን የከፈለችውን አሁን ኦታዋ ተጋራት። እጇ ላይ ገንዘብ ተረፈ። ዳግላስ በ1959 መጨረሻ ላይ የሐኪም መድን እንጀምራለን ብሎ አወጀ። ገንዘቡን ካየ በኋላ ነው ቃል የገባው። ይህን ነገር ሳነብ ነው ሰውየውን የወደድኩት።

ዳኒ ከኤድመንተን

ወለላ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሰው ሁሉ ስለ ካናዳ ሕክምና ሲያሞግስ እኔ አልችልም።

እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቻት የጉልበቷን ቀዶ ጥገና ስትጠብቅ ከዓመት በላይ ሆናት። ደረጃ መውጣት ስላቃታት ሳሎን ነው የምትተኛው። ሌሊት ስትነሳ ወንበሩን ይዛ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ከዛ ግድግዳውን። ድምፁን አውቀዋለሁ፣ እኔም እነቃለሁ። ስደውል ተራዋ አልደረሰም ይሉኛል። የቤተሰብ ሐኪም ለማግኘት ራሱ ስንት ጊዜ ተመላለስን። መድኃኒቷን ደግሞ ከኪሴ ነው የምገዛው። ጥርስም እንደዛው። በነፃ ነው የሚባለው እኮ በር ከተከፈተልህ በኋላ ነው።

ዳግላስ ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል። ግን ከሞተ ከ1986 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነ። እኔ የምኖረው ዛሬ ነው።

ሲስተር ማርታ ከሳስካቱን

ዳኒ ወንድሜ፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልህ። ነርስ ነኝ፤ የምትለውን በየቀኑ አያለሁ፣ ልክ ነህ። መድኃኒትና ጥርስም ያልከው እውነት ነው። ዳግላስ ራሱ እኮ አልጨረስነውም ይል ነበር። የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ በበሽተኛውና በሐኪሙ መካከል እንዳይቆም ማድረግ ነው፣ ሁለተኛው ሕክምናው የሚሰጥበትን መንገድ ራሱን መለወጥ ነው ይል ነበር። ሁለተኛው በደንብ አልተጀመረም። ለምን እንዳልተጀመረ ለመረዳት ግን የ1962ን ሐምሌ ማወቅ ያስፈልጋል።

የ1960 ምርጫ የተካሄደው በዚህ መድን ጉዳይ ላይ ነው። የሐኪሞቹ ማኅበር ገንዘብ አዋጥቶ ተቃውሞ ዘመቻ አካሄደ። መንግሥት በሽተኛና ሐኪም መካከል ሊገባ ነው ተባለ። ሐኪሞች ጥለው ይሄዳሉ ተባለ። ዳግላስ አሸነፈ። ለአምስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሕጉ በኅዳር 1961 ወጣ። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ሐምሌ 1 ቀን 1962 ሆነ።

በዚያው ቀን ከፕሮቪንሱ ሐኪሞች አብዛኞቹ ክሊኒካቸውን ዘጉ። ጥቂት ሆስፒታሎች ላይ ብቻ ለድንገተኛ ሰው ተመደበ። በመጀመሪያው ቀን የአንድ የዘጠኝ ወር ሕፃን ወላጆች ልጃቸውን ይዘው ሐኪም ፍለጋ በመኪና ሲንከራተቱ ልጁ ሞተ። ማጅራት ገትር ነበረው። እኔ እናት ነኝ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር መኪናው ውስጥ ያለሁ ይመስለኛል።

አድማው 23 ቀን ቆየ። መንግሥት ከእንግሊዝ ሐኪሞች አስመጣ። ሕዝቡም ዝም አላለም። ሳስካቱን ላይ ሰዎች እየተሰበሰቡ፣ እንደ እኛ እድር ገንዘብ እያዋጡ፣ የራሳቸውን ክሊኒክ ከፈቱ። አድማውን ያልተቀበሉ ጥቂት ሐኪሞች ገቡበት። ያ ክሊኒክ ዛሬም አለ። ከፊቱ ሳልፍ ሁልጊዜ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

በሌላ በኩል መድኑን የሚቃወሙት ደግሞ ሬጃይና የምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት ትልቅ ሰልፍ ጠሩ። በአሥር ሺዎች ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የመጣው ከአምስት ሺህ አልበለጠም። ከዚያ በኋላ ነገሩ ረገብ አለ። ሎርድ ቴይለር የሚባል ሐኪም ከእንግሊዝ መጥቶ አሸማገለ። እንደ አገር ሽማግሌ አንዱ ክፍል ውስጥ ሐኪሞቹ፣ ሌላው ክፍል ውስጥ ሚኒስትሮቹ፣ እሱ መካከል ላይ እየተመላለሰ። ሐምሌ 23 ቀን ሳስካቱን ላይ ተፈራረሙ።

አሁን ዳኒ፣ ወደ እማማ ጉልበት ልመለስ። በዚያ ስምምነት መንግሥት መድኑን አዳነ። ሐኪሞቹ ደግሞ አከፋፈላቸውን አዳኑ። ማለትም የመንግሥት ደመወዝተኛ አልሆኑም፤ ለእያንዳንዱ ላዩት በሽተኛ ለመንግሥት ሒሳብ ይልካሉ። የካናዳ ሕክምና እስከ ዛሬ ባብዛኛው በዚህ ነው የሚሄደው። ክፍያው አንድ ላይ ነው፣ ሥራው ግን የተበታተነ ነው። ሐኪም የት ከተማ ክሊኒክ እንደሚከፍት፣ ስንት ሰው እንደሚቀበል ባብዛኛው የሚወስነው ራሱ ነው። የወረፋው ምክንያት ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን እናትህ የተቀመጡበት ወንበር አንዱ እግሩ እዚያ ነው።

ለማንኛውም እማማ ሕመማቸው ከባሰ ሐኪሙ ደረጃቸውን እንደገና እንዲያየው ጠይቅ። በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ። ደረጃ መውጣት እንዳቃታቸውና ሌሊት ምን እንደሚሆኑ ልክ እዚህ እንደጻፍከው ጻፈው። ብዙ ቤተሰብ አሁንም ያማቸዋል ብሎ ብቻ ይተወዋል።

ዳኒ ከኤድመንተን

ሲስተር፣ ይህን ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ማታ እጽፈዋለሁ። ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጋሽ ታደሰ ከቶሮንቶ

ልጆቼ፣ ጥሩ ወግ ይዛችኋል። እኔ ካናዳ ከገባሁ አርባ ዓመት አለፈኝ። አንድ ሰው ተረስቶ ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሲስተር ማርታ ስለ አድማው ስትተርክ የዳግላስን ስም እንዳልጠራችው አስተውላችኋል? ምክንያቱም አልነበረም። ዳግላስ በ1961 ኤንዲፒ የሚባለው አዲስ የፌዴራል ፓርቲ ሲቋቋም መሪ ሆኖ ተመረጠና በኅዳር ፕሪሚየርነቱን ለቀቀ። 17 ዓመት የያዘውን ወንበር ዉድሮው ሎይድ ለሚባል ሰው አስረከበ። እሳቱ የነደደው ሎይድ እጅ ላይ ነው።

ሎይድ አስተማሪ ነበር። በ1944 ካቢኔ ውስጥ በዕድሜ ትንሹ ሚኒስትር እሱ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴርን ያዘ። እንደ ዳግላስ ተረት አዋቂ አልነበረም። ዳግላስ መድረክ ላይ ሲወጣ ሕዝቡን ሲያስቅ ቆይቶ ቁም ነገሩን ያስገባዋል። የአይጦቹን አገር ተረት እሱ ነው ያስታወቀው። አይጦቹ በየምርጫው ድመት ይመርጣሉ፤ ጥቁሩ ሲከፋቸው ነጩን፣ ነጩ ሲከፋቸው ጥቁሩን። እኛ አገር አይጦች ተሰብስበው ድመቷ አንገት ላይ ቃጭል ማን ይሰር ብለው ይመክራሉ አይደል? የዳግላስ አይጥ ደግሞ ለምን ራሳችንን አንመርጥም ብላ ትነሳለች። ተረቱን የጀመረው ክላሪ ጊሊስ የሚባል ከኖቫ ስኮሺያ የተመረጠ የፌዴራል ፓርላማ ሰው ነው፤ ያደረሰው ግን ዳግላስ ነው።

ሎይድ ይህ ጸጋ አልነበረውም። የነበረው ጽናት ነው። 23 ቀን ሙሉ ጋዜጦች ሲጮሁበት፣ ሐኪሞች ዘግተው ሲቀመጡ፣ የሚያውቋቸው ጎረቤቶች ሰላምታ ሲነፍጉ አልተንቀሳቀሰም። ሕጉን አልሻረም፣ ሐኪሞቹንም አልተሳደበም። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1964 ምርጫ ተሸነፈ። ከፖለቲካ ወጥቶ ለተባበሩት መንግሥታት ሲሠራ በ1972 ሴኡል ላይ አረፈ። ዳግላስ በ2004 በቴሌቪዥን የሕዝብ ድምፅ ከካናዳውያን ሁሉ ታላቁ ተብሎ ሲመረጥ የሎይድን ስም ስንት ሰው አነሳ? እኔ ያን ፕሮግራም ቤቴ ሆኜ አይቻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ቅር ያለኝ ነገር አልጠፋም።

ዳግላስም ቢሆን አልተረፈም። መድኑ ሊጀምር ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ ሰኔ 18 ቀን 1962፣ በፌዴራሉ ምርጫ ሬጃይና ላይ ተወዳድሮ ወደቀ። 17 ዓመት ካስተዳደረው ሕዝብ ድምፅ አጣ። ፓርላማ ለመግባት ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ድረስ ሄዶ መወዳደር ነበረበት።

ደግሞ ይህን ስሙ። በ1964 ያሸነፉት ሊበራሎች መድኑን ሲቃወሙ የነበሩ ናቸው። ሥልጣን ሲይዙ ግን አላፈረሱትም። ሕዝቡ ቀምሶት ነበር። በዚያው ዓመት ዳኛ ኤመት ሆል የመሩት የፌዴራል ኮሚሽን ለመላው ካናዳ ይሁን ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ሆል የወግ አጥባቂዎቹ ሰው ናቸው፤ የሾሟቸውም የወግ አጥባቂዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር ዲፈንቤከር ናቸው። ሕጉን በ1966 ያወጣው ደግሞ የሊበራሉ ፒርሰን መንግሥት ነው። በ1972 መድኑ መላ አገሪቱን አዳረሰ። በ1984 ሐኪም ከበሽተኛ ላይ ተጨማሪ እንዳያስከፍል የሚከለክለው የካናዳ ጤና ሕግ ወጣ። የዳግላስ ፓርቲ ኦታዋ ላይ አንድም ቀን መንግሥት ሆኖ አያውቅም። ሥራው ግን በተቃዋሚዎቹ እጅ አገር ሞላ።

ሔኖክ ከካልጋሪ

ጋሽ ታደሰ ዕድሜ ይስጥዎ። ሎይድን እኔም አላውቀውም ነበር።

አንድ ነገር ግን ካልተነሳ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ዳግላስ በ1933 ለማስተርስ ዲግሪው የጻፈው ጽሑፍ ዩጀኒክስን የሚደግፍ ነው። ድሆች፣ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው፣ ምግባራቸው የማይወደድ የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ ይደረግ የሚል ሐሳብ አለበት። እኔ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ አባት ነኝ። መጀመሪያ ሳነበው ሆዴ ነው የተገላበጠው። የምኖርበት አልበርታ ከ1928 እስከ 1972 ይህን በሕግ አድርጎታል፤ ብዙ ሰው ሳይፈቅድ መካን ተደርጓል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ታላቅ ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወለላ ከሬጃይና

ሔኖክ ወንድሜ፣ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ። እኔም አንብቤው ነበር። ሳልጽፈው የቀረሁት ሰውየውን ስለወደድኩት ይመስለኛል። ያ ጥፋት ነው፤ መጀመሪያውኑ መጻፍ ነበረብኝ።

ቃሉ የማይታረቅ ነው፣ አላስተባብለውም። ከዛ በኋላ ያለውን ብቻ ልጨምር። በ1936 ጀርመን ሄዶ የናዚዎቹን ነገር በዓይኑ አይቶ ተመለሰ። ፕሪሚየርና የጤና ሚኒስትር ሆኖ ሥልጣኑ ሁሉ እጁ ላይ እያለ እንዲህ ዓይነት ሕግ ይውጣ የሚል ምክር ቀርቦለት አልተቀበለም። ከጎረቤቷ ከአልበርታ በተለየ ሳስካችዋን ያን ሕግ አላወጣችም። በ1947 የወጣው የሳስካችዋን የመብቶች ሕግ ደግሞ ከተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በአንድ ዓመት ይቀድማል። ይህ ሁሉ የ1933ቱን ጽሑፍ አይፍቀውም። ልጅህ የሚታከምበትን ካርድ የጀመረው ሰው ያንን ጽፎ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ሔኖክ ከካልጋሪ

እንዲህ ከተባለ እቀበላለሁ። ልጄ በየወሩ ቴራፒስት ጋ ይሄዳል። እሱንም አልክድም።

ቃልኪዳን ከደብረ ማርቆስ

ሰላም ናችሁ? እኔ አገር ቤት ነው ያለሁት፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ስዊፍት ከረንት ላይ ስደርስ ግን መጻፍ አማረኝ።

እኛም እኮ በወረዳ ነው የጀመርነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2011 በፈረንጅ አቆጣጠር በ13 ወረዳዎች ነው የተሞከረው። አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና ደቡብ ውስጥ። መዋጮው በቤተሰብ ነው። እዚህ አካባቢ የሚሰበሰበው እህል ከተወቃ በኋላ፣ ገበሬው እጅ ላይ ብር ሲኖር ነው። መክፈል ለማይችለው ወረዳው ይከፍልለታል።

አንድ አባት በጥር ካርዳቸውን ሊያሳድሱ መጡ። ባለፈው ዓመት ማናችንም አልታመምንም፣ ብሬ ባከነ አሉኝ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ከኋላቸው ተራ የያዙ አንዲት እናት ግን ቀደሙኝ። «ባንተ ብር የኔ ልጅ ተኝቶ ዳነ» አሏቸው። ሰውየው ዞር ብለው አዩዋቸው። ከዛ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ከኪሳቸው ብሩን ቆጠሩ።

የኛ ችግር ሌላ ነው። ካርዱን ይዘው መጥተው መድኃኒት አልቋል የምንልበት ቀን አለ። ያን ቀን ፊታቸውን ማየት ይከብደኛል። ወለላ ዳግላስ መጀመሪያ የሐኪሞች ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ሠራ ስትይ ለዚህ ነው ልቤ የተነካው። መዋጮ የሰበሰብንበት ቤት መደርደሪያው ባዶ ከሆነ በሚቀጥለው ጥር ሰው አይመጣም። ጋሽ ታደሰ፣ ሳስካችዋን ላይ ገበሬዎቹ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልማድ ነበራቸው? ወይስ መንግሥት ነው ያስለመዳቸው?

ጋሽ ታደሰ ከቶሮንቶ

ልጄ ቃልኪዳን፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ነበራቸው። ገና በ1915 ሳርኒያ የምትባል ትንሽ የገጠር ወረዳ ሐኪማችን ሊሄድብን ነው ብለው ፈሩ። ገበሬዎቹ ከመሬት ግብራቸው 1,500 ዶላር መድበው አስቀሩት። ሌሎች ወረዳዎችም ተከተሉ። ስንዴያቸውን በኅብረት ሥራ ማኅበር መሸጥም ለምደው ነበር። ዳግላስ ሲመጣ ማዋጣትን አላስተማራቸውም። የየመንደሩን እድር ወስዶ የፕሮቪንስ አደረገው። ለኔ ዋናው ችሎታው ይህ ነው። አንቺ ያየሻት እናት ለዚያ አባት የተናገረችው ነገር እዚያም በየጎተራው ተብሏል ብዬ አምናለሁ።

አብርሽ ከሚኒያፖሊስ

ቃልኪዳን፣ የጋቢውን ነገር ለሚስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለታችንም ዝም አልን።

ወለላ፣ ያቺ እናት ደህና ናቸው?

ወለላ ከሬጃይና

ደህና ናቸው አብርሽ። ትናንት ማታ ስገባ ፎቶውን አንስቼ ይህን ሰው አነበብኩት አልኳቸው። ስለ ሎይድም ጠየቅኳቸው። ቆይተው ነው የመለሱልኝ። በ1962 ሐምሌ አራስ ነበሩ። ሁለተኛ ልጃቸው ትኩሳት ያዘው። ከእንግሊዝ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው ያየላቸው። ንግግሩ አልገባኝም ነበር፣ እጁ ግን ለስላሳ ነበር አሉኝ። ሎይድን በስም ያውቁታል። ፎቶውን ግን ማንም አልሰጠኝም አሉ። ለጋሽ ታደሰ ይህን ልነግርዎ ፈልጌ ነው።

ዳኒ፣ ደብዳቤው ምን ሆነ? ጻፍልን።

ሌላው፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዌይበርን ልሄድ ነው። ከሬጃይና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ዳግላስ የሰበከባት ቤተ ክርስቲያን በስሙ ተሰይማ አለች፤ በ2010 የቆመ ሐውልቱም እዚያው ሱሪስ ወንዝ ዳር ነው። ሬጃይናና አካባቢዋ ያላችሁ መኪናዬ ውስጥ ሦስት ሰው ይይዛል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ቡና በፔርሙዝ እይዛለሁ፣ ድፎ ዳቦም ሐሙስ ማታ እጋግራለሁ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ዳኒ ከኤድመንተን

ደብዳቤውን ልኬዋለሁ። የሌሊቱን ነገር እንዳለ ጻፍኩት፤ ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ግድግዳውን። ዛሬ ከክሊኒኩ ተደወለ። ሐሙስ ሐኪሙ እንደገና ያያታል።

ቅዳሜ ከኤድመንተን አልደርስም። ፎቶ አንሺልኝ። ለእናቴ አሳያታለሁ።